ከዳቦ ወረፋ እስከ ጦር ሰፈሩ ደጃፍ፤ የአል በሽር መንግሥት አወዳደቅ

አትባራ የባቡር ከተማ ናት። ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጎንደር ከፍተኛ ቦታዎች የሚነሳው የአትባራ ወንዝ ከዓባይ ጋር በሚገናኝበት ላይ ተቀምጣለች። እንግሊዞች የሱዳን ምድር ባቡርን ዋና መሥሪያ ቤት የተከሉት እዚያ ነበር። የሱዳን ሠራተኞች የመደራጀት ታሪክም በ1940ዎቹ ሥር የሰደደው በዚሁ የባቡር ጋራዥ ሠራተኞች መካከል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲሴምበር 19 ቀን 2018፣ በእኛ ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ፓውንድ ይሸጥ የነበረው ዳቦ በአትባራ ሦስት ፓውንድ ገባ። መጀመሪያ የወጡት ቁርሳቸውን መግዛት ያቃታቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ገበያተኛው ተከተላቸው። ቀኑ ሳይመሽ የገዥው ፓርቲ፣ የብሔራዊ ኮንግረስ ፓርቲ፣ ጽሕፈት ቤት በእሳት ጋየ፤ በከተማዋም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና የሰዓት እላፊ ገደብ ታወጀ።

በዚያው ዕለት ፖርት ሱዳን ተነሳች። በማግስቱ በርበር፣ ዶንጎላና የእኛ ሰዎች በመተማ በኩል ለሰሊጥ ሥራም ለስደትም ሲመላለሱባት የኖሩት ገዳሪፍ ተከተሉ። በገዳሪፍ በአንድ ቀን ብቻ 6 ሰዎች መገደላቸውን የአካባቢው የምክር ቤት አባል ለጋዜጠኞች ተናገሩ። አራት ወር ሳይሞላ 30 ዓመት ሊገዙ ጥቂት የቀራቸው ኦማር ሐሰን አል በሽር ከሥልጣን ወረዱ።

ይህን ሁሉ «የዳቦ አመፅ» እያሉ የጻፉ ብዙ ናቸው። አባባሉ ግማሹን እውነት ሸፍኖ ያልፋል። ዳቦ ያን ያህል የተወደደበት ምክንያት ራሱ መንግሥቱ ሲመሠረት ከተከተለው መንገድ የመጣ ነው። ተቃውሞውን ያደራጁትም ያ መንግሥት ገና ከመነሻው ጠራርጌ አጠፋኋቸው ብሎ ያመነባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና ሠራተኞች። ስለዚህ ታሪኩን ከ1989 መጀመር ግድ ነው።

ጁን 30 ቀን 1989 ብርጋዴር ጄኔራል አል በሽር በምርጫ ሥልጣን ይዘው የነበሩትን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳዲቅ አል ማህዲን ገልብጠው «የብሔራዊ መዳን አብዮት» አወጁ። ከጀርባ የቆመው ግን በሐሰን አል ቱራቢ የሚመራው ብሔራዊ እስላማዊ ግንባር ነበር። ይህ እንዳይታወቅ ቱራቢ ራሳቸው ከሌሎች የፓርቲ መሪዎች ጋር ወደ ኮበር እስር ቤት ተላኩ፤ እጃቸው የተገለጠው ቆይቶ ነው። አዲሱ አገዛዝ ፓርቲዎችንና የሠራተኛ ማኅበራትን አገደ። «ለሕዝብ ጥቅም» በሚል ስም በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የመንግሥት ሠራተኞችን አሰናብቶ በየቦታው የንቅናቄውን ሰዎች ተከለ፤ ፖሊሲውን ሱዳናውያን ተምኪን ይሉታል። ባንኩም፣ የአስመጪነት ፈቃዱም፣ ዩኒቨርሲቲውም በዚሁ መስመር ገባ። አድማ የጠሩ ሐኪሞች «የመናፍስት ቤቶች» ወደሚባሉት ስውር የማሰቃያ ቤቶች ተወሰዱ፤ ዶክተር አሊ ፋድል በ1990 እዚያ በደረሰባቸው ድብደባ ሞቱ። በዚያው ዓመት በረመዳን ወር 28 የጦር መኮንኖች በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተከሰው ተረሸኑ።

ከእነዚህ ቅጣቶች ሁሉ አንዱን ለይቼ መጥቀስ አለብኝ። በዲሴምበር 1989 መጅዲ ማህጁብ የተባለ ወጣት ነጋዴ ቤቱ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ ተገኘበት ተብሎ በልዩ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ተሰቀለ። ቤተሰቡ ገንዘቡ የአባቱ ውርስ ነው ብሎ ቢከራከርም የሰማው አልነበረም። መንግሥቱ በፈጣሪ ሕግ እንደሚገዛ ሲናገር ለአገሬው በቅድሚያ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ዶላር ይዞ የተገኘ ሰው አንገቱን በገመድ እንደሚያጣ ነበር።

የ1990ዎቹ ሱዳን ለጎረቤቶቿም አደጋ ሆነች። ኦሳማ ቢን ላደን ከ1991 እስከ 1996 ካርቱም ኖረ። አሜሪካ በ1993 አገሪቱን በሽብርተኝነት ደጋፊነት መዝገብ ውስጥ አስገባቻት። ጁን 26 ቀን 1995 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ተተኮሰባቸው። ኢትዮጵያ ሦስት ተፈላጊዎች ተላልፈው እንዲሰጧት ካርቱምን ጠየቀች፤ ካርቱም እምቢ አለች። የጸጥታው ምክር ቤት በ1996 ማዕቀብ ጣለ፤ አሜሪካም በ1997 የንግድ ማዕቀቧን አወጀች። ከሃያ ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ ባንክ ቤት የተሰለፈ ሰው ከከፈለው ዕዳ አንዱ እዚህ አዲስ አበባ ላይ የተፈጠረ ነው።

ከዚያ ነዳጅ መጣ። በ1999 ከደቡብ የሚነሳው ቧንቧ ፖርት ሱዳን ደርሶ ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አል በሽር ምክር ቤቱን በትነው ከቱራቢ ተለያዩ። ቀጥሎ በመጣው አሥር ዓመት ካርቱም ድልድይና ፎቅ አሸበረቀባት፤ ገንዘቡ ግን በብዛት የፈሰሰው ወደ ጦሩ፣ ወደ ደኅንነቱና ወደ ባለሟሎች ነው። ደጋግሞ «የምናርሰውን እንበላለን» ሲል የነበረው መንግሥት እርሻውንም ባቡሩንም ለዝገት ተወ። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ስታውጅ ከነዳጅ ምርቱ ሦስት አራተኛው አብሯት ሄደ። ነዳጅ የመንግሥቱ ገቢ ከግማሽ በላይ፣ የውጭ ንግዱም አብዛኛው ስለነበረ፣ ግምጃ ቤቱ ባዶውን ቀረ።

መንግሥቱ ተስፋውን ወደ ወርቅ አዞረ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወደ በረሃ ወጣ። ማዕከላዊ ባንኩ ወርቁን የሚገዛው ግን አዲስ ብር እያተመ ነበር፤ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ገበያው ውስጥ የቀረው ብዙ ወረቀት ነው። ከወርቁም ብዙው በኮንትሮባንድ ወደ ዱባይ ይሻገር ነበር፤ በምዕራብ ሱዳን፣ በዳርፉር ያለው የጀበል አሚር ማዕድን በመሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ በሔሜቲ፣ እጅ ገባ። ዳርፉር ላይ መንደር ያቃጠሉ ሚሊሻዎች አለቃ በአገሩ ካሉ ባለጸጎች ተርታ የቆመው እንዲህ ነው።

በሴፕቴምበር 2013 የነዳጅ ድጎማ ሲነሳ የካርቱምና የኦምዱርማን ወጣቶች ወጡ። መልሱ ጥይት ነበር፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች መገደላቸውን ሲመዘግቡ፣ መንግሥት ከዚያ ግማሽ በታች የሆነ ቁጥር ሰጠ። ለጥያቄ የቀረበ ባለሥልጣን የለም። የያኔው ደም ከአምስት ዓመት በኋላ የመጡትን አደራጆች ሁለት ነገር አስተማራቸው፤ ያለ ድርጅት መውጣት በከንቱ ማለቅ መሆኑን፣ ዋና ከተማዋ ብቻዋን ከወጣች ብቻዋን እንደምትመታ።

አሁን ወደ 2018 እንግባ፤ ነገሩን በደንብ ማየት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በኦክቶበር 2017 አሜሪካ አብዛኛውን ማዕቀብ ስታነሳ ባለሥልጣናቱ ለሕዝቡ የተሻለ ጊዜ ቃል ገብተው ነበር። የጃንዋሪ 2018 በጀት ግን ለጉምሩክ የሚሰላውን የዶላር ዋጋ ከ6.9 ወደ 18 ፓውንድ በአንድ ቀን አሻቀበው። የስንዴ አስመጪዎች ድጎማ ተነሳ፤ ግማሽ ፓውንድ የነበረው ዳቦ አንድ ፓውንድ ገባ። በዚያ ወር የወጡ ሰልፈኞች በአስለቃሽ ጭስ ተበተኑ፤ የተቃዋሚ መሪዎችም በጅምላ ታሰሩ። መንግሥት የፓውንዱን ውድቀት ለማቆም ሲል በባንክ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ያዘ። ደመወዙ ባንክ የገባለት መምህር ኤቲኤም ደጃፍ ተሰልፎ ውሎ ከገንዘቡ ጥቂት ብቻ ይዞ ይመለስ ጀመር፤ ማሽኑ ባዶ ሆኖ ያገኘበትም ቀን ብዙ ነው። ነጋዴው ያገኘውን ብር ቤቱ ማስቀመጥ መረጠ፤ ባንኮቹ ይበልጥ ደረቁ። አንድ ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ሲገዛና በቼክ ሲገዛ ዋጋው የተለያየ ሆነ። በጥቁር ገበያ ዶላሩ በዓመቱ መጨረሻ ከ60 ፓውንድ አለፈ፤ ኦፊሴላዊው ምንዛሪ በኦክቶበር ወደ 47.5 ቢወርድም አልደረሰበትም። የዋጋ ግሽበቱ በኖቬምበር 69 በመቶ፣ በዲሴምበር 73 በመቶ ገደማ ተመዘገበ።

ዳቦው ለምን ይህን ያህል ክብደት አገኘ? የሱዳን የቀድሞ ምግብ ከማሽላ የሚጋገረው ኪስራ ነው፤ የእኛን እንጀራ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። የከተማው ሕዝብ ግን በድጎማ ርካሽ ወደሆነው የስንዴ ዳቦ ዞሮ ነበር፤ ስንዴው ደግሞ በአመዛኙ በዶላር ከውጭ የሚገባ ነው፤ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ቶን። ዶላር ሲጠፋ ዱቄት ይጠፋል፤ ዱቄት ሲጠፋ ከንጋት በፊት ዳቦ ቤት ደጃፍ ወረፋ ይያዛል። ተመሳሳይ ወረፋ በነዳጅ ማደያው፣ ተመሳሳይ ወረፋ በባንኩ። ሰው ቀኑን ሙሉ ከማያውቀው ሰው ጎን ቆሞ የሚውልበት አገር መንግሥት ከልክሎት የነበረውን ስብሰባ ራሱ ሲያመቻች እንደዋለ አላስተዋለም።

በዚህ መካከል የቤተ መንግሥቱ ሐሳብ ሌላ ነበር። በዲሴምበር መጀመሪያ አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላት አል በሽር በ2020 እንደገና መወዳደር እንዲችሉ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ደገፉ። ዲሴምበር 16 ፕሬዚዳንቱ ደማስቆ ሄደው ከበሽር አል አሳድ ጋር ታዩ፤ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የሶሪያውን መሪ የጎበኙ የመጀመሪያው የአረብ ሊግ አገር መሪ ነበሩ። አትባራ የተነሳችው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው።

አመፁን መልክ ያስያዘው የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር ነው። በመንግሥት ያልታወቁ የሐኪሞች፣ የመምህራን፣ የጋዜጠኞችና የጠበቆች ኮሚቴዎች ጥምረት ሲሆን፣ ለዲሴምበር 25 ጠርቶት የነበረው ሰልፍ የደመወዝ ወለል ከፍ እንዲል የሚጠይቅ ነበር። ከአትባራ በኋላ ጥያቄውን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አሳጠረው፤ ፕሬዚዳንቱ ይውረዱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ከፖለቲካ ፓርቲዎችና ከሲቪክ ቡድኖች ጋር የነፃነትና የለውጥ መግለጫ ፈረመ። መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያውን ቢዘጋም ሰው በቪፒኤን እየገባ ማኅበሩ የሚያወጣውን የሳምንት መርሐ ግብር ያነብ ነበር፤ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው መንገድ። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰባት ሰዓት። ገበያው ውስጥ ዕቃ የሚገዛ መስሎ የተበተነው ሕዝብ የአንዲት ሴት እልልታ ሲሰማ ተሰባስቦ ጩኸቱን ያነሳል። «ነፃነት፣ ሰላም፣ ፍትሕ» ይላል፤ «ይውደቅ፣ በቃ» ይላል።

የሴቶቹ ብዛት ምክንያት ነበረው። ኢንቃዝ (መዳን) የሚባለው ይህ አገዛዝ ሃይማኖትን በይበልጥ ያሳየው በሴቶች ገላ ላይ ነው። የሥነ ሥርዓት ፖሊሱ ሱሪ ለበሳችሁ፣ ጸጉራችሁን አልሸፈናችሁም እያለ ያስራቸውና ያስገርፋቸው ነበር፤ በየመንገዱ ሻይ የሚሸጡ ድሆችን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያትንም ጭምር፣ ዕቃቸውን እየነጠቀ ያንገላታ ነበር። ሰልፈኛው ያነሳው ክስ ከእምነት ውጭ አልነበረም፤ በብዛት የሚጮኸው «በሰላም፣ በሰላም፣ በሌቦች ላይ» የሚል ነው፤ በሃይማኖት ስም የሰረቁ ማለቱ ነው። በኦምዱርማን የዋድ ኑባዊ ሰፈር የማህዲ ተከታዮች የሆኑት የአንሷሮች መስጊድ ምእመናን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሲወጡ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰባቸው። ደኅንነቱ የዳርፉር ተማሪዎችን ይዞ የጥፋት ሴራ አቀነባባሪዎች ብሎ በቴሌቪዥን ሲያቀርባቸው የካርቱም ወጣቶች መልሰው አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው ብለው ጮኹ። በካርቱም አደባባይ ስለ ዳርፉር እንዲህ ያለ ድምፅ ለመሰማት ብዙ ዓመት ወስዷል፤ ለእኔ ከአመፁ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ዋጋው ከባድ ነበር። ጃንዋሪ 17 ቀን በካርቱም ቡሪ ሰፈር ዶክተር ባቢክር አብዱልሐሚድ ቁስለኞችን ሲያክም ተተኩሶበት ሞተ። በምሥራቅ ሱዳን በካሽም አል ጊርባ መምህር አህመድ አል ኸይር በደኅንነት ሰዎች እጅ ተሠቃይቶ ሞተ። ባለሥልጣናት በመጀመሪያ ምግብ ተመርዞ ነው አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍርድ ቤት ከ25 በላይ የደኅንነት ሰዎችን በሞት ቀጣ።

ፌብሩዋሪ 22 አል በሽር የአንድ ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው መንግሥታቸውን በተኑ፤ በየክፍለ አገሩ የጦር መኮንኖችን ሾሙ። አዘጋጆቹ ለመጨረሻው ሰልፍ ኤፕሪል 6ን የመረጡት ሆን ብለው ነው። ጃዕፋር ኒሜሪ በ1985 የወደቁት በዚያ ቀን ነበር፤ እሳቸውም የሸሪዓ ሕግ አውጀው፣ ማህሙድ መሐመድ ጣሃ የተባሉትን አዛውንት የሃይማኖት ሊቅ በክህደት ሰቅለው፣ የዳቦ ዋጋ ጨምረው የወደቁ ናቸው። ሰልፉ በ2019 ወደ ቤተ መንግሥት መሄዱን ትቶ ወደ ጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አመራ። እዚያው ተቀመጠ። ደኅንነቱ ሌሊት እየመጣ ሲተኩስ የበታች መኮንኖችና ወታደሮች፣ በተለይ የባሕር ኃይሉ፣ ተኩሰው መለሱለት። ጄኔራሎቹ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ሠራዊታቸው እርስ በርሱ ሲዋጋ ማየት ወይም አለቃቸውን አሳልፈው መስጠት። ኤፕሪል 11 የአል በሽር ምክትል አዋድ ኢብን አውፍ የአለቃቸውን መውረድ አወጁ። ሰልፈኛው ኢብን አውፍንም በማግስቱ አስወረደ፤ አብዱልፈታህ አል ቡርሃን ተተኩ።

ኤፕሪል 23 ከአትባራ የተነሳ ባቡር ካርቱም ገባ። ጣሪያው ላይ፣ በመስኮቱ፣ በመወጣጫው ሰው ተንጠልጥሏል፤ ባንዲራው ከፊት ነው። በሐዲዱ መጥቶ ሰልፈኛው መሐል ሲደርስ የጠበቀው ሕዝብ አለቀሰ። በመቀመጫው ሜዳ ድንኳን ውስጥ ሐኪሞች ያክማሉ፣ ወጣቶች ገቢውን ይፈትሻሉ፣ ሠዓሊዎች አጥሩን ይቀባሉ። የኮፕት ክርስቲያኖች በጠራራ ፀሐይ ለሚሰግዱት ሙስሊሞች ጨርቅ ዘርግተው ጥላ ሆኑላቸው።

ጁን 3 ንጋት፣ ለዒድ ጥቂት ሲቀረው፣ የሔሜቲ ፈጣን ድጋፍ ሰጪ ኃይልና ሌሎች ታጣቂዎች ሜዳውን ከበው ተኮሱ። የሱዳን ሐኪሞች ኮሚቴ ከ100 በላይ መሞታቸውን ቆጠረ፤ ወደ 40 የሚሆን አስከሬን ከዓባይ ተጎትቶ ወጣ። ሴቶች ተደፈሩ። ኢንተርኔቱ ከአንድ ወር በላይ ተቋረጠ። የአፍሪካ ኅብረት ሱዳንን አገደ። ጁን 7 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ካርቱም ደርሰው ሁለቱን ወገኖች አነጋገሩ፤ አግኝተዋቸው ከነበሩት ተቃዋሚዎች ሁለቱ ወዲያው ታሰሩ። የኢትዮጵያው መልእክተኛ አምባሳደር ማህሙድ ድሪር ግን ከአፍሪካ ኅብረቱ መልእክተኛ ከሞሪታኒያዊው መሐመድ ኤል ሐሰን ለባት ጋር ሽምግልናውን አላቋረጡም። ጁን 30 ሕዝቡ ኢንተርኔት ሳይኖረው በየሰፈሩ ኮሚቴ በቃል ተጠራርቶ በመቶ ሺዎች ወጣ። በውጤቱ ኦገስት 17 የሕገ መንግሥት ሰነድ ተፈረመ፤ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት ያገለገሉት አብደላ ሐምዶክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ስምምነቱ ጦሩን ከሥልጣን አላወጣም፤ ወርቁም፣ ኩባንያዎቹም፣ ጠመንጃውም የነበረበት ቀረ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ቡርሃንና ሔሜቲ አብረው ሐምዶክን አሰሩ፤ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እርስ በርስ ተዋጉ። ካርቱም ፈረሰች፤ ስደተኛው በመተማ በኩል ወደ እኛ ገባ።

አል በሽር ከወረዱ በኋላ ቤታቸው ሲፈተሽ ወደ 7 ሚሊዮን ዩሮ፣ ከ350 ሺህ በላይ ዶላርና ብዙ የሱዳን ፓውንድ ተገኘ። ከሳዑዲው አልጋ ወራሽ 25 ሚሊዮን ዶላር ተቀብለው እንደነበር ራሳቸው አምነዋል። ዲሴምበር 14 ቀን 2019 ፍርድ ቤቱ በሙስናና ያለ ፈቃድ የውጭ ምንዛሪ በመያዝ ጥፋተኛ ብሎ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ስላለፈ ሁለት ዓመት በማረሚያ ቦታ እንዲቆዩ ፈረደ። መጅዲ ማህጁብ በእሳቸው ዘመን የተሰቀለው በዚሁ በውጭ ምንዛሪ ክስ ነው። ስለ ጁን 3ቱ እልቂት በጠበቃ ነቢል አዲብ የሚመራ የመርማሪ ኮሚቴ በ2019 ተቋቁሞ ነበር። ሪፖርቱ ለሕዝብ ሳይቀርብ የ2021 መፈንቅለ መንግሥት ደረሰ፤ በጁን 3 ጠዋት ትእዛዝ የሰጠ አንድም አዛዥ ተፈርዶበት አያውቅም።